ፖከር ዕድል ነው ወይስ ስሌት? ከካርታው ጠረጴዛ እስከ ንፋስ መውጫ የእህል መጋዘን

እህል ገዝቶ እስከ ክረምት ማቆየት ቁማር ነው ይባላል። በላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በንፋስ መውጫ የሚነግድ ሰው እንዲህ ቢል የሚፈርድበት አይኖርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ የሚደርሰው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የደጋው ገብስ፣ ስንዴና ድንች፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ቆላማ ቀበሌዎች የሚወጣው ጤፍና ማሽላ ወደ ምዕራብም ወደ ምሥራቅም ገዢ ሊያገኝ ይችላል። ነጋዴው በታኅሣሥ የገዛው ኩንታል በሐምሌ ስንት እንደሚያወጣ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ማንም የለም።

ለመሆኑ ይህ ቁማር ነው? ለመመለስ አስቀድሞ ቁማር የተባለው ነገር ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቁማር ዓይነቶች ሁሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራንን ቀልብ የሳበው ፖከር የተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 የጨዋታን ንድፈ ሐሳብ ከምጣኔ ሀብት ጋር ባዋሐዱበት መጽሐፋቸው ፖከርን በሰፊው ተንትነዋል። ምክንያቱም ፖከር እንደ ገበያ ሁሉ ሰው ሙሉ መረጃ ሳይኖረው፣ ሐሳቡን የሚደብቅ ባላጋራ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በገንዘቡ የሚወስንበት ጨዋታ ነው።

ከዚህ በታች ስለ ጨዋታው ደንብ፣ ስለ ቃላቱና ስለ ስልቱ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። ዓላማው ሰውን ወደ ጠረጴዛ መጥራት አይደለም። ለነጋዴው፣ ለደላላውና ለአክሲዮን ገዢው የሚጠቅመው ከጨዋታው በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ነው።

ፖከር ከሌላው የካርታ ጨዋታ በምን ይለያል?

በከተሞቻችን የተለመደው ኮንከር ካርታ እየሳቡና እየጣሉ የሚገጣጠምበት ጨዋታ ነው፤ አስቀድሞ ያሟላ ያሸንፋል። በፖከር ግን አሸናፊ የሚኮንባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ የተሻለ እጅ ይዞ መገኘት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካርታ ከመገለጡ በፊት ሌሎቹ በሙሉ ካርታቸውን ጥለው እንዲወጡ ማድረግ ነው። በሁለተኛው መንገድ ያሸነፈ ሰው ምን ይዞ እንደነበር ለማሳየት አይገደድም። በመሆኑም ፖከር የካርታ ጨዋታ ቢባልም ዋናው ነገር ካርታው ሳይሆን በካርታው ላይ የሚጠራው ዋጋ ነው።

ሌላው ልዩነት ተጫዋቹ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ መሆኑ ነው። በሎተሪ ወይም በሩሌት ዕጣው የወጣለት ሰው የሚከፈለው በአጫዋቹ ነው፤ የዕድሉ መጠንም አስቀድሞ ተወስኗል። በፖከር አንዱ የሚበላው ሌላው የተበላውን ነው።

አጨዋወቱ እንዴት ነው?

ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው «ቴክሳስ ሆልደም» የሚባለው ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሮብስታውን የተባለችውን ትንሽ ከተማ የዚህ ጨዋታ መነሻ አድርጎ እውቅና ሰጥቷታል።

ጨዋታው ጆከር በሌለው የ52 ካርታ ጥቅል ነው። ካርታው ከተበወዘ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሌላ ሰው የማያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደላሉ። ካርታው ሲታደል ከአዳዩ በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛሉ። ይህ ብላይንድ ይባላል፤ የመጀመሪያው ትንሹን፣ ሁለተኛው ትልቁን ይከፍላል። ግዴታው በየዙሩ ወደሚቀጥለው ሰው ስለሚዛወር ሁሉም በተራው ይከፍላል።

ቀጥሎ አራት የገንዘብ ማስያዣ ዙሮች አሉ። የመጀመሪያው ሁለቱ ካርታዎች እንደታደሉ ነው። ከዚያም ሁሉም የሚጋራቸው ሦስት ካርታዎች በጠረጴዛው ላይ ተገልጠው ይዘረጋሉ፤ ፍሎፕ ይባላሉ። አራተኛው ካርታ ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላል። ከእያንዳንዱ በኋላ ገንዘብ ይያዛል። በመጨረሻ የቀሩት ተጫዋቾች በእጃቸው ካሉት ሁለትና በጠረጴዛው ላይ ካሉት አምስት፣ በጠቅላላው ከሰባት ካርታዎች፣ የተሻሉትን አምስት መርጠው ይወዳደራሉ።

የትኛው እጅ የትኛውን ይበላል?

ሕጉ አንድ ነው፤ ብርቅ የሆነው የተለመደውን ይበላል። ከ52 ካርታዎች አምስት አምስት እየተደረጉ ሊወጡ የሚችሉት ልዩ ልዩ እጆች 2,598,960 ናቸው። ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ሲደረደሩ፣ አምስት ካርታ በአንድ ጊዜ የታደለው ሰው እያንዳንዱን የሚያገኝበት ዕድል እንደሚከተለው ነው።

ስትሬት ፍለሽ፦ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው አንድ ዓይነት ምልክት የያዙ አምስት ካርታዎች፤ ከ64,974 አንድ ጊዜ። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር እስከ አስ የሚሄደው ሮያል ፍለሽ ሲሆን ከ649,740 አንድ ጊዜ ይወጣል።

አራት ተመሳሳይ፦ ለምሳሌ አራት ንጉሥ፤ ከ4,165 አንድ ጊዜ።

ፉል ሀውስ፦ ሦስት ተመሳሳይና ሁለት ተመሳሳይ፤ ከ694 አንድ ጊዜ።

ፍለሽ፦ ተከታታይ ባይሆኑም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፤ ከ509 አንድ ጊዜ።

ስትሬት፦ ምልክታቸው የተለያየ አምስት ተከታታይ ካርታዎች፤ ከ255 አንድ ጊዜ።

ሦስት ተመሳሳይ፦ ከ47 አንድ ጊዜ።

ሁለት ጥንድ፦ ከ21 አንድ ጊዜ።

አንድ ጥንድ፦ ከመቶ 42 ጊዜ ያህል።

ምንም ያልገጠመለት ደግሞ ከመቶ 50 ጊዜ ያህል ነው፤ ይህን የያዘ በትልቁ ካርታው ብቻ ይወዳደራል። በሌላ አነጋገር ከሁለት እጅ አንዱ ባዶ ነው። በሆልደም ከሰባት ካርታ ስለሚመረጥ ጥሩ እጅ በእጅጉ ይበዛል፤ የበላይነቱ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። መጀመሪያ ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች የሚበልጠው የሁለት አስ ጥንድ ሲሆን የሚመጣው ከ221 አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በጠረጴዛው ላይ የሚሰሙት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

በመሃል የሚከማቸው ገንዘብ ፖት ይባላል። ተራው የደረሰ ሰው ገንዘብ ካልተጠየቀ «ቼክ» ብሎ በነፃ ማለፍ ወይም «ቤት» ብሎ ማስያዝ ይችላል። የተጠራበትን ገንዘብ እኩል የሚከፍል «ኮል»፣ ከተጠራው በላይ የሚጨምር «ሬይዝ»፣ ካርታውን ጥሎ የሚወጣ «ፎልድ» አለ ይባላል። ያለውን በሙሉ የሚያስይዝ ሰው «ኦል ኢን» ገብቷል። «አውት» የሚባሉት ገና ከጥቅሉ ያልወጡ፣ ቢወጡ ግን እጅን ወደ አሸናፊነት የሚለውጡ ካርታዎች ናቸው። «ብለፍ» ደካማ እጅ ይዞ ጠንካራ መስሎ ማስያዝ ነው። «ቲልት» ደግሞ ተበልቶ የተናደደ ሰው በስሌት ሳይሆን በእልህ የሚጫወትበት ሁኔታ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያልገጠመው ጥቂት ነው።

መቼ ነው መክፈል፣ መቼ ነው መተው የሚገባው?

የጨዋታው ልብ ይህ ጥያቄ ነው። ጀማሪ «ካርታዬ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ይጠይቃል። ያወቀበት ሰው ግን «ለዚህ ዕድል የተጠየቅሁት ዋጋ ይገባዋል ወይ?» ይላል።

አንድ ተጫዋች አራት የስፔድ ካርታ ተሟልቶለታል እንበል፤ ሁለቱ በእጁ፣ ሁለቱ በጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንድ ስፔድ ቢጨመርለት ፍለሽ ይሆንለታልና ያሸንፋል። ካልመጣ ይሸነፋል። የቀረው የመጨረሻው ካርታ ብቻ ነው። ስድስት ካርታዎች አይቷል፤ ሁለቱን በእጁ፣ አራቱን በጠረጴዛው ላይ። ያላያቸው 46 ሲሆኑ ከእነሱ ዘጠኙ ስፔድ ናቸው። ዕድሉ ከ46 ዘጠኝ፣ ማለትም ከመቶ 20 ገደማ ነው። ከአምስት ጊዜ አራቱን ይበላል ማለት አይደለም፤ ይበላበታል ማለት ነው።

አሁን በፖቱ ውስጥ 400 ብር አለ፤ ባላጋራው 100 ብር አስያዘ። ተጫዋቹ 100 ብር ከፍሎ 500 ብር ለማግኘት ይወዳደራል። ይህንኑ ውሳኔ 46 ጊዜ ቢደግመው፣ በአማካይ ዘጠኝ ጊዜ 500 ብር ያገኛል፤ 4,500 ብር ይሆናል። 37 ጊዜ 100 ብር ያጣል፤ 3,700 ብር ይሆናል። ትርፉ 800 ብር ነው። ስለዚህ ይክፈል።

ባላጋራው ያስያዘው 200 ብር ቢሆንስ? ካርታው ያው ነው፤ ዕድሉም ያው ነው። ነገር ግን ዘጠኝ ጊዜ 600 ብር ሲያገኝ 5,400፣ 37 ጊዜ 200 ብር ሲያጣ 7,400 ብር ይሆናል። 2,000 ብር ይከስራል። ስለዚህ ይተው። ያንኑ ካርታ በአንድ ዋጋ መክፈል ትክክል፣ በሌላ ዋጋ መክፈል ስሕተት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ትክክል የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊሸነፍ ይችላል። የተሳሳተም አንዳንዴ ያሸንፋል። ውሳኔን በአንድ ቀን ውጤት መመዘን አይቻልም። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ አስቀድሞ ፖት ውስጥ የጨመረው ገንዘብ ከእንግዲህ የእሱ አይደለም። «እስከ አሁን 300 ብር አስይዤ እንዴት እተዋለሁ?» የሚል ሰው ያለፈውን ለማስመለስ ሲል የሚመጣውንም ይጨምራል።

ይህ ስሌት ለእህል ነጋዴ ምን ይነግረዋል?

የንፋስ መውጫ ነጋዴ በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ስንዴ በ5,000 ብር ገዛ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ እንጂ የዕለት ዋጋ አይደሉም። እስከ ሐምሌ ለማቆየት ለጆንያ፣ ለመጋዘን፣ ለነቀዝ ጉዳትና ለብድር ወለድ በኩንታል 300 ብር ይወጣል። ነጋዴው የአሥር ዓመት ደብተሩን ገልጦ ሲያይ፣ ከአሥሩ በአራቱ ዓመት ዋጋው በክረምት 6,500 ብር ወደሚሆንበት ደረጃ ይወጣል፤ በአራቱ ዓመት 5,200 ላይ ይቆማል፤ በሁለቱ ዓመት ደግሞ እህል ከሌላ አቅጣጫ በብዛት ስለሚገባ ወደ 4,200 ይወርዳል።

ሲሰላ፣ በአራቱ ዓመት በኩንታል 1,200 ብር ያተርፋል። በሌሎቹ አራት ዓመታት 100 ብር፣ በሁለቱ ዓመት 1,100 ብር ይከስራል። አሥሩ ዓመት ሲደመር ትርፉ 4,800፣ ኪሣራው 2,600 ብር ነው። በአማካይ በየዓመቱ በኩንታል 220 ብር ያተርፋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ነጋዴው ከአሥር ዓመት ስድስቱን የሚከስር ሆኖ ሳለ ማቆየቱ አትራፊ ነው። ጎረቤቱ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲከስር አይቶ «ይህ ሰው ንግድ አያውቅም» ሊለው ይችላል። በአንጻሩ የመግዣው ዋጋ 5,300 ብር ቢሆን ኖሮ አማካይ ትርፉ በሙሉ ጠፍቶ በኩንታል 80 ብር ኪሣራ ይሆናል። እህሉ ያው፣ ክረምቱም ያው፣ ዋጋው ግን አይገባውም። ስፔድ የጠበቀው ተጫዋች 200 ብር ሲጠየቅ መተው እንደሚገባው ሁሉ ነጋዴውም መግዛት የለበትም።

ያለፈው ወጪ ነገርም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ዋጋው 4,200 ሲሆን «በ5,000 ገዝቼ አልሸጥም» ማለት ስሌት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ከዛሬው 4,200 ተነስቶ ወደፊት ምን ይሆናል የሚለው ነው። አዲስ ምርት በኅዳር እየደረሰ ከሆነ ገበያው የገዛበትን ዋጋ አያስታውስለትም።

ብለፍ ማታለል አይደለም ወይ?

በጨዋታው ደንብ ብለፍ የተፈቀደ ነው። የራሱ ሒሳብም አለው። ፖቱ 200 ብር ሆኖ አንድ ሰው ባዶ እጁን 100 ብር ቢያስይዝ፣ ባላጋራው ከሦስት አንድ ጊዜ ከተወለት ኪሣራ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ከተወለት ያተርፋል። ዘወትር ብለፍ የሚያደርግ ሰው ይታወቅበትና ማንም አይተውለትም። ፈጽሞ የማያደርግም ሰው ጥሩ እጅ ሲይዝ ሁሉም ስለሚሸሸው ጥሩ እጁ አይከፍለውም። ስለዚህ ብለፍ የሚደረገው ለዚያ ቀን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጥሩውን እጅ ለማሻሻጥም ጭምር ነው።

በእህል ተራ «ነገ ከወልዲያ መኪና ይመጣል፤ ዛሬ ካልገዛህ አታገኝም» የሚል ደላላ ያው ብለፍ ማድረጉ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በካርታ ጠረጴዛ ሁሉም ሰው ብለፍ እንዳለ አውቆ ገንዘቡን ያስይዛል። በገበያ ግን ደላላው የሚሸጠው ታማኝነቱን ነው። ያቺኑ የገበያ ቀን ጠብቀው ለዓመታት በሚገናኙ ሰዎች መሃል አንድ ጊዜ የተያዘ ውሸት የብዙ ዓመት ኮሚሽን ያስቀራል። ለገዢው የሚሻለው የሰውየውን ፊት ማንበብ ሳይሆን ስልክ አንስቶ የወልዲያንና የደብረ ታቦርን ዋጋ መጠየቅ ነው።

የሚቀመጡበት ቦታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። በፖከር ተራው መጨረሻ ላይ የሚደርስ ሰው ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ ካየ በኋላ ስለሚወስን ትልቅ ብልጫ አለው። በተመሳሳይ ካርታ መጀመሪያ ላይ የሚናገር ሰው መተው ሲገባው፣ መጨረሻ የሚናገረው ሊከፍል ይችላል። በንግድም ቢሆን መረጃ ከመጣ በኋላ የመወሰን ዕድል ያለው ሰው ያንኑ ዕቃ በተሻለ ዋጋ ያገኛል። የጠዋቱን ዋጋ ከሌሎች ከተሞች ሰምቶ ከሰዓት የሚገዛ ነጋዴ በጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዕዳው ዛሬ የሚደርስበት ነጋዴ ግን ዋጋ ወጣም ወረደ ዛሬውኑ መሸጥ ስላለበት ሁልጊዜ ቀድሞ እንደሚናገር ተጫዋች ነው።

ካለው ካፒታል ስንቱን ማስያዝ ይገባል?

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛ ስሌት ይዞም ቢሆን ሁሉን በአንድ ጊዜ ያስያዘ ሰው መክሰሩ አይቀርም፤ የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው።

የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ለዚህ ቀመር አውጥቷል። ቢያሸንፍ ያስያዘውን ያህል በሚያገኝበት፣ ቢሸነፍ ያስያዘውን በሚያጣበት ጨዋታ፣ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 55 የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ ማስያዝ ያለበት ከካፒታሉ 10 በመቶውን ብቻ ነው። ዕድሉ ከመቶ 50 ከሆነ ምንም ማስያዝ የለበትም። ብልጫው እንኳ እያለው ሰው ዘጠና በመቶውን ማስቀመጥ አለበት ማለት ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከዚህም ያነሰ ነው የሚያስይዙት፤ ምክንያቱም ዕድላቸውን ሲገምቱ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ያውቃሉ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው «በተበላህ ቁጥር እጥፍ አስይዝ፤ አንድ ቀን ይመለሳል» የሚለው ምክር ነው። በ100 ብር የጀመረ ሰው አሥር ጊዜ በተከታታይ ቢበላ ያጣው 102,300 ብር ይሆናል፤ አሥራ አንደኛውን ለመጫወት ሌላ 102,400 ብር ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው 100 ብር ለማትረፍ ነው።

ወደ እህሉ ምሳሌ ስንመለስ፣ ነጋዴው የራሱን ሃያ ኩንታል ቢያቆይና ክፉው ዓመት ቢገጥመው 22,000 ብር ይከስራል፤ ይጎዳል እንጂ አይወድቅም። ተበድሮ፣ የእቁብ ገንዘብ ጨምሮ፣ ከገበሬው በዱቤ ወስዶ ሁለት መቶ ኩንታል ቢያከማች ግን ያው ክፉ ዓመት 220,000 ብር ያስከፍለዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ አራቱ መልካም ዓመታት መምጣታቸው አይቀርም ይሆናል፤ እሱ ግን እስከዚያ ገበያ ውስጥ አይቆይም። አማካዩ የሚጠቅመው እስከ መጨረሻው ለቆየ ሰው ብቻ ነው። ከእሱም ጋር የእቁቡ አባላትና በዱቤ የሰጠው ገበሬ አብረው ይበላሉ፤ እነሱ ደግሞ ጨዋታ መቀመጣቸውን እንኳ አያውቁም።

ታዲያ የሚያሸንፈው ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

በአንድ ምሽት ዕድል፣ በብዙ ሺህ እጅ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ «ሊብራተስ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአራት ዕውቅ ተጫዋቾች ጋር ለ20 ቀን 120,000 እጅ ተጫውቶ አራቱንም አሸንፏል። ፕሮግራሙ የማንንም ፊት አላየም፤ የማንንም እጅ መንቀጥቀጥ አላስተዋለም። ያደረገው ዋጋና ዕድልን ማስላት ብቻ ነው። ፖከር ፊት የማንበብ ጥበብ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት 86 ዶላር በሚከፈልበት ማጣሪያ አልፎ፣ የሌሎች መግቢያ 10,000 ዶላር በነበረበት የላስ ቬጋስ የዓለም ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸንፏል። ወሬው ዓለምን አዳርሶ ብዙዎችን ወደ ጨዋታው ሳበ። በዚያ ውድድር 839 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ የሚታወሰው ግን የአንዱ ስም ነው። በንግድም «እገሌ በአንድ ክረምት ሀብታም ሆነ» የሚለው ወሬ ሲነገር፣ በዚያው ክረምት መጋዘናቸውን የዘጉት አይቆጠሩም።

ቤቱና መንግሥት ስንት ይወስዳሉ?

ጠረጴዛውን ያዘጋጀ ቤት ከየፖቱ ጥቂት ገንዘብ ይቆርጣል፤ ሬክ ይባላል። ትንሽ ይመስላል። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ተቀመጡ እንበል። ቤቱ ከአንድ ፖት 20 ብር ቢቆርጥና በሰዓት 30 እጅ ቢጫወቱ በሰዓት 600 ብር ይወጣል። በአምስት ሰዓት ከ6,000 ብር ግማሹ ከጠረጴዛው ጠፍቷል። እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች ቢሆኑ ሁሉም በአማካይ ከስረው ይነሳሉ። ስለዚህ ከሌሎቹ መሻል ብቻ አይበቃም፤ ከሌሎቹ ቆራጩን በሚሸፍን ልክ መሻል ያስፈልጋል።

በአገራችን የዕድል ጨዋታ ማካሄድ በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ነው። በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ሲቋቋም ይህን የመፍቀድና የመቆጣጠር ሥልጣን ይዞ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ የሚሰላውም በጠቅላላው ሽልማት ላይ ነው። በስውር ቤት የሚጫወት ሰው ደግሞ ሌላ ኪሣራ አለበት። ካርታው በትክክል መበወዙን የሚያረጋግጥለት፣ ቢያሸንፍ የሚያስከፍልለት የለም።

እንግዲህ ንግድ ቁማር ነው?

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ስለ አክሲዮንም ይነሳል። መልሱ ያው ነው። እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ብቻውን ቁማር አያደርግም፤ ቢሆን ኖሮ በሰኔ ዘር የሚበትን ገበሬ ሁሉ ቁማርተኛ በሆነ ነበር።

መለያው ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በፖከር ጠረጴዛ ላይ 6,000 ብር ከገባ ቢበዛ 6,000 ብር ይወጣል፤ ቤቱ ሲቆርጥ ደግሞ ያንሳል። እህል ግን በታኅሣሥ ከተትረፈረፈበት ወደ ሐምሌ ሲሻገር፣ ወይም ከእስቴ ወደ ወልዲያ ሲጫን ለሚበላው ሰው ዋጋው ይጨምራል። ነጋዴው ሲያተርፍ የግድ ሌላው ተበልቷል ማለት አይደለም። ኩባንያው ሠርቶ ያተረፈለት የአክሲዮን ባለቤትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ሰውየው እንዴት ይወስናል የሚለው ነው። ያለፉትን ዓመታት ዋጋ ሳይመዘግብ፣ የማቆያ ወጪውን ሳይደምር፣ ሌላው ስለገዛ ብቻ በተበደረው ገንዘብ መጋዘን የሚሞላ ሰው ንግድ ፈቃድ ቢኖረውም ቁማር እየተጫወተ ነው።

ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መመለስ ይበቃል። ከአሥር ዓመት በስንቱ ዋጋው ወጥቷል፣ በስንቱስ ወርዷል? በዚህ መግዣ ዋጋ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ አማካዩ ትርፍ ነው ወይስ ኪሣራ? ክፉው ዓመት ዘንድሮ ቢሆን በሚቀጥለው ታኅሣሥ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ይተርፋል? ሦስተኛውን «አይተርፍም» ብሎ የመለሰ ሰው የሁለተኛው መልስ ምንም ያህል ቢያምር ኩንታሉን ይቀንስ።